ቀዝቃዛ እጅ፣ ያበጠ እግር፦ የተለመዱ በሽታዎች አካሄድ ከማሻ እስከ ቴፒ

ሁለት ሕፃናት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። የሁለቱም እጅና እግር ቀዝቅዟል፣ የልብ ትርታቸው ፈጥኗል፣ የጣታቸውን ጫፍ ተጭነው ሲለቁት ተመልሶ እስኪቀላ ከሦስት ሰከንድ በላይ ይፈጃል። አንደኛው ከትናንት ጀምሮ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ያደረ ነው። ሁለተኛውን ሦስት ቀን አተኩሶታል፤ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ገርጥቷል። ለመጀመሪያው በደም ሥሩ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ መስጠት ሕይወቱን ያተርፋል። ለሁለተኛው ያንኑ ማድረግ ሊገድለው ይችላል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በ2011 ውጤቱ የታተመው «ፊስት» የተባለው ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ከ3,100 በላይ ሕፃናትን ተከታትሏል። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ውስጥ 10.5 በመቶ ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ፤ በፍጥነት ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት በጥናቱ እንዲገቡ አልተደረገም፤ የእነርሱ ጉዳይ ሌላ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነርስ ተማሪዎች ፓቶፊዚዮሎጂ ብለው የሚማሩት ትምህርት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ አንድ ሆኖ ወደ ምልክቱ ያደረሰው መንገድ ይለያያል፤ የሚታከመው ደግሞ መንገዱ ነው። ትምህርቱ ግን በአብዛኛው የሚሰጠው በዝርዝር ነው፦ መንስኤ፣ ምልክት፣ መዘዝ፣ ሕክምና። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። ከ1997 ጀምሮ የካርተር ማዕከል ከጤናና ከትምህርት ሚኒስቴሮች ጋር ባካሄደው መርሐ ግብር የአገራችን መምህራን ራሳቸው ለጤና ተማሪዎች ማስታወሻዎችን አዘጋጅተዋል፤ ከውጭ መጻሕፍት ይልቅ ለእኛ ጤና ጣቢያ የቀረቡ በመሆናቸው ትልቅ ውለታ ነበር። እኔ እንደማምነው ከዚያ ቀጥሎ መደረግ ያለበት ትምህርቱን ተማሪው ከሚረግጠው መሬት ማስጀመር ነው። ለዚህ ደግሞ እንደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያው ሸካ ዞን ያለ የሚመች ቦታ ጥቂት ነው።

ማሻ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ በ2012 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው የሸካ ደን ምድር ላይ፣ ዝናብ ሳይለያት የምትኖር ከተማ ናት። ወደ ቴፒ ሲወርዱ ከፍታው ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ያሽቆለቁላል፤ እንሰቱና ቀርከሃው ለቡናው፣ ለኮረሪማውና ለቁንዶ በርበሬው ቦታ ይለቃሉ። በሽታውም አብሮ ይለወጣል። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲና በሚዛን አማን የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሠልጥኖ በዚህ አገር የሚመደብ ነርስ ዛሬ ደጋ፣ ነገ ቆላ ሊሠራ ይችላል።

ከወባ እንጀምር። ተውሳኩ በአኖፌለስ ትንኝ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል። ፋልሲፓረም የተባለው ዝርያ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እድገቱን መጨረስ አይሆንለትም፤ 25 ዲግሪ ሲያገኝ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ወባ ቴፒ ላይ የቤት በሽታ ሲሆን ማሻ ላይ በአብዛኛው መንገደኛ ይዞት የሚመጣ ነው። የቡና ለቀማው ከክረምት ማግስት ከሚመጣው የወባ ወቅት ጋር ይገጥማል። ለቀማ የወረደው የደጋ ጎልማሳ ታሞ ይመለሳል። የቆላው ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ ከፊል መከላከያ ስላዳበረ በእግሩ ቆሞ የሚያሳልፈው ወባ፣ ይህን የደጋ ሰው ራሱን እንዲስት ያደርገዋል። የማሻ ነርስ «እዚህ ደጋ ነው» ብላ ከማለፏ በፊት «ጋሼ፣ ሰሞኑን የት ከርመው መጡ?» ብላ ብትጠይቅ ሰው ታተርፋለች።

መከላከያ የሌለውን ሕዝብ ወባ ምን እንደሚያደርገው ታሪካችን ያውቀዋል። በ1953 በደምቢያ የተነሳው ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ፤ በማግስቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋምና የማኅበረሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር ማሠልጠን ሲጀምር ከገፊ ምክንያቶቹ አንዱ ያ እልቂት ነበር። በ1958 ደግሞ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

አሁን ወደዚያ ወደ ገረጣው ሕፃን እንመለስ። ተውሳኩ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ በ48 ሰዓት ተባዝቶ ሕዋሱን ያፈነዳዋል፤ መንዘፍዘፉ፣ ትኩሳቱና ላቡ ተከታትለው የሚመጡት ያን ጊዜ ወደ ደም በሚረጨው ነገር ነው። ፋልሲፓረምን ገዳይ የሚያደርገው ግን ትኩሳቱ አይደለም። የወረራቸው ሕዋሳት ገጽ ላይ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ያወጣል፤ ሕዋሳቱ በአንጎል፣ በኩላሊት፣ በነፍሰ ጡር ደግሞ በእንግዴ ልጅ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ይለጠፋሉ። ከተዘጋው ሥር ወዲያ ያለው አካል ኦክስጅን ያጣል፣ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል። ሕፃኑ አሲዱን በትንፋሹ ለማስወጣት በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ይህን አተነፋፈስ ሳንባ ምች ነው ብሎ መሳሳት ቀላል ነው። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የተውሳክ ቁጥርም ሊያታልል ይችላል፤ አብዛኛው ከዝውውር ወጥቶ ውስጥ ተለጥፏልና።

ስኳሩም ይወርዳል። ተውሳኩ ግሉኮስ ይበላል፣ ጉበት አዲስ ግሉኮስ መሥራት ያቅተዋል፣ ሕፃኑ ከበላ ቆይቷል፤ ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነ ደግሞ እርሱ ራሱ ኢንሱሊን ያነሳሳል። አንቀጥቅጦት ያልነቃ ልጅ ፊት የቆመ ነርስ የደም ስኳር ሳይለካ ወደ ሌላ ነገር መሄድ የለበትም። እንግዲህ የዚህ ልጅ እጅ የቀዘቀዘው ውኃ ስላነሰው ብቻ አይደለም። ኦክስጅን ተሸካሚ ሕዋሳቱ አልቀዋል፣ ሥሮቹ ተደፍነዋል፣ ልቡ ደክሟል። በላዩ ላይ በፍጥነት የሚፈስ ፈሳሽ የቀረችውን ደም ያቀጥናል፣ ልብና ሳንባውን ያጨናንቃል። የሚያስፈልገው የወባ መድኃኒቱ አርቴሱኔት፣ ስኳር፣ ኦክስጅንና እንደ ደም ማነሱ መጠን ደም ነው። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዝርያ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ወራት ቆይቶ ስለሚነሳ፣ «መድኃኒት ወስጄ ተመልሶ መጣብኝ» የሚል ታማሚ ሁሉ መድኃኒቱን ሳይጨርስ ቀርቶ ነው ብሎ መቆጣት ተገቢ አይደለም።

የመጀመሪያው ሕፃን ነገር ፍጹም ሌላ ነው። ከአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሁሉ የከፋውን ኮሌራን ብንወስድ፣ ባክቴሪያው የአንጀትን ግድግዳ አይቦረቡርም፣ ወደ ደምም አይገባም። መርዙ በአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ያበዛል፤ የክሎራይድ በሮች ተከፍተው ይቀራሉ፤ ክሎራይዱን ሶዲየም፣ ሶዲየሙን ውኃ ይከተለዋል። ክፉኛ የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ሽንቱ ይቋረጣል፣ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቆሞ ይቀራል። እዚህ የጎደለው በእርግጥም ውኃና ጨው ነው፤ ደም ሥሩ ጎደለ እንጂ ልቡ አልታመመም።

ነገር ግን በዚያ አንጀት ውስጥ መርዙ ያልነካው አንድ በር አለ፤ ስኳርና ጨው እጅ ለእጅ ተያይዘው ካልሆነ የማያልፉበት። ሮበርት ክሬን ይህን አሠራር በ1960 ለሳይንቲስቶች አቀረበ። በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በሰፈሩበት በሕንድ ድንበር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሲያልቅባቸው ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጠው ሰጡ፤ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ዛሬ በየጤና ኬላው ያለው ኦአርኤስ ያ ነው። የሚሠራው ግን መጠኑ ሲጠበቅ ብቻ ነው። የአንድ ሊትሩ ፓኬት በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ወፍራሙ ፈሳሽ ውኃውን ከሰውነት ወደ አንጀት መልሶ ይስበዋል። ስለዚህ ለእናትየው «በአንድ ሊትር» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ ቤቷ ያለችው ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሆነች «በሁለት ሃይላንድ» ብሎ፣ ከተቻለም ጠርሙሷን አስመጥቶ አብሮ መበጥበጥ ነው። ልጁ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል።

ሦስተኛ ልጅ እንጨምር፤ ተቅማጥም ይዞታል፣ እጁም ቀዝቅዟል፣ ግን ለወራት የተጎሳቆለ ነው። በዚህ ልጅ ቆዳ ሥር ስብ ስለሌለ የቆነጠጡት ቆዳ ውኃ ባይጎድለውም ቆሞ ይቀራል። በሕዋሳቱ ውስጥ ሶዲየም በዝቶ ፖታሲየም አንሷል፤ የልቡ ጡንቻ ሳስቷል። ጠንካራው ልጅ የሚድንበት ፈሳሽ ይህኛውን በልብ ድካም ሊገድለው ይችላል። ለእርሱ ሶዲየሙ የተቀነሰ፣ ፖታሲየሙ የተጨመረ ሬዞማል ነው የሚሰጠው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየግማሽ ሰዓቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት አምስት ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ትርታውንና ትንፋሹን እየቆጠሩ። እንሰት ይህን ሕዝብ ከድርቅና ከረሃብ የጋረደ የተከበረ ተክል ነው፤ ቆጮው ግን ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ጡት የጣለ ልጅ በቆጮና በጎደሬ ብቻ ሲያድግ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም ባቄላ ካልታከለበት፣ እግሩ ማበጥ ሊጀምር ይችላል።

ያበጠ እግር ሁለተኛው ትልቅ ምልክታችን ነው። በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይልቀቁት፤ ጎድጉዶ ይቀራል ወይስ ይመለሳል? አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም? ፊትም አብጧል? ክዋሺዮርኮር የተባለው የከፋ የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ ሁለቱም እግሩ ጎድጉዶ ይቀራል። ለብዙ ዘመን ምክንያቱ የደም ፕሮቲን ማነስ ብቻ ነው ተብሎ ሲነገር ኖሯል፤ ሆኖም ልጁ ሲታከም እብጠቱ የሚወርደው ብዙ ጊዜ የደሙ አልቡሚን ገና ሳይጨምር ነው። ነገሩ እስካሁን ያከራክራል፤ ተማሪዎችም መከራከሩን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

በጎልማሳ ገበሬ ላይ ያበጠ እግር ደግሞ ወደ አፈሩ ይመራናል። ዝሆኔ ከምንላቸው ውስጥ አንዱ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ትንኝም ትልም የሌለበት በሽታ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብና ባዶ እግር የሚገናኙበት ቦታ የበሽታው አገር ነው። በአዲስ አበባ አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክሙ የነበሩት ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ጉዳዩን ተከታትለው በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች የሊምፍ እጢ ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶችን አገኙ። ደቃቅ የሲሊካና የአልሙኒየም ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ይገባሉ፤ በላኤ ሕዋሳት ይውጧቸዋል፣ ግን አይፈጩአቸውም፤ ብግነት ይነሳል፣ የሊምፍ ቧንቧው ግድግዳ ይጠነክራል፣ ይጠባል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ ሌሊት የሚጎድለው እብጠት፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ጠጥሮ የማይጎደጉድ ይሆናል። ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበትም እምብዛም አያልፍም። በጋምቤላ ቆላ የሚታወቀው በትንኝ የሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት ግን ብሽሽትና ብልትንም ሊይዝ ይችላል።

አንድ አፈር ላይ ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚተርፍበት ምክንያትም ተጠንቷል። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ሕሙማን ላይ ሠርተው በሰውነት መከላከያ ጂኖች ዘንድ ያለውን ተጋላጭነት አሳይተዋል። ይህ ግኝት በዘር ይተላለፋል ለሚለው የመንደር ሐሜት ማጠናከሪያ እንዳይሆን ነርስ መጠንቀቅ አለባት። በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያልተለየው ሰው አይታመምም። ጋብቻ የተከለከሉ ቤተሰቦች ይህን ከጤና ባለሙያ አፍ መስማት ይገባቸዋል። ለታመመውም ተስፋ አለ። እግሩን የሚያንገበግበውና የሚያተኩሰው ድንገተኛ ሕመም የሚመጣው በተሰነጠቀ ቆዳ ከሚገባ ተህዋስ ነው፤ በ2018 ውጤቱ የታተመ የምሥራቅ ጎጃም ጥናት በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ብቻ ይህን ሕመም እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ሙሉ በሙሉ የነርስ ሥራ ነው።

(ያው የደጋ ዝናብ አዮዲንንም ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል። አዮዲን ያነሰበት የታይሮይድ እጢ ሆርሞኑ ሲጎድል ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ «ሥራ» እያለች ስትወተውተው ያብጣል፤ እንቅርት ይሆናል። አዮዲን ያለበት ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር የተሻለ ነው።)

ወደ ባሮ በሚወርዱት ፈጣን ወንዞች ዳር ደግሞ ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው ኦንኮሰርካያሲስ የተባለ የትል በሽታ አለ። የካፋና የሸካ ምድር በማኅበረሰቡ በኩል አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ማደል በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች ነው፤ ጊዜው 2001 ገደማ ነበር። ቆዳን የሚያሳክከው ደቃቁ ትል በሕይወት ሲኖር ሳይሆን በአብዛኛው ሲሞት ነው፤ በሞተው ትልና በውስጡ በነበሩት ባክቴሪያዎች ላይ ሰውነት ስለሚቆጣ። መድኃኒቱን የዋጠ ሰው በማግስቱ ቢያሳክከው ወይም ፊቱ ቢያብጥ «ጎዳኝ» ብሎ የሚቀጥለውን ዙር ይቀራል። ከመዋጡ በፊት ምክንያቱን የሰማ ሰው ግን ይመለሳል።

ያበጠው እግር የወጣት ሴት ሲሆን ልብን ማሰብ ግድ ነው። የልጅነት ቶንሲል፣ በተለይ ስትሬፕቶኮከስ ያመጣው፣ በፔኒሲሊን ካልታከመ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያዘጋጀው መከላከያ የራሱን የልብ በር ሊያጠቃ ይችላል፤ ባክቴሪያውና ልቡ የሚመሳሰል ፕሮቲን አላቸውና። እንጥል ተቆርጦለት የተሸኘ ልጅ ከዚህ አልዳነም። በሩ እየጠበበ ዓመታት ያልፋሉ፣ ልጅቷ ቡና ትለቅማለች፣ እንጨት ትሸከማለች። ከዚያ ታረግዛለች። በእርግዝና ልብ የሚረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ በጠበበው በር ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት አልችልም የምትል ነፍሰ ጡር «እርግዝና ነው» ተብላ የምትሸኝ አይደለችም።

ሌላዋ ነፍሰ ጡር እግሯም ፊቷም አብጦ፣ ራሷን እያመማት፣ ዓይኗ ብዥ እያለባት ትመጣለች። የእርሷ ችግር የጀመረው በእንግዴ ልጁ ነው። የማኅፀን ሥሮች በጊዜው ሳይሰፉ ቀርተው ኦክስጅን ያነሰው እንግዴ ልጅ ወደ እናት ደም የሚልከው ፕሮቲን በመላ አካሏ የደም ሥሮችን ሽፋን ይጎዳል። ሥሮቹ ይኮማተራሉ፣ ግፊቷ ከ140/90 ያልፋል፤ ያንጠባጥባሉ፣ ታብጣለች፤ ኩላሊቷ ፕሮቲን ወደ ሽንት ይለቃል። በ2002 ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ማግፓይ የተባለው ጥናት ማግኒዚየም ሰልፌት የመንቀጥቀጥ አደጋውን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ ግን ነርቭን የሚያረጋጋ በመሆኑ ሲበዛ ትንፋሽን ያቆማል፤ የሚወጣው ደግሞ በታመመው ኩላሊት ነው። ቀጣዩን መጠን ከመስጠት በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ይፈናጠራል? በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ ትተነፍሳለች? ባለፉት አራት ሰዓታት በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ሸንታለች? አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል፣ ካልሲየም ግሉኮኔት በቅርብ ይዘጋጃል። አሠራሩን የምታውቅ ነርስ እነዚህን ጥያቄዎች አትረሳቸውም።

የመጨረሻው፣ ከስቶ የሚመጣው ወጣት ነው። ሳል ካለው ቲቢ ይመረመራል፣ ኤችአይቪም ይታያል። የሚጠማውና ሌሊት ሽንት የሚያመላልሰው ከሆነ ግን የደም ስኳሩ ይለካ። ስኳር በሽታ የከተማና የውፍረት በሽታ ነው የሚለው እምነት በገጠራችን ሰው ገድሏል። በጎንደርና በሌሎች ክሊኒኮች ለዓመታት የታዩት ቀጫጭን፣ ድሃ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣት ገበሬዎች በመጽሐፍ ከተጻፉት ዓይነቶች ከአንዱም ጋር በትክክል አልገጠሙም። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን ስኳር በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሏል። በልጅነት የተራበ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት እንደሚያቅተው ይታሰባል፤ ዝርዝሩ ገና እየተጠና ነው። እንዲህ ያለው ወጣት ኢንሱሊን ተሰጥቶት ወደ ጎጆው ሲመለስ፣ ጠዋት ተወግቶ ቁርስ የሚጠፋበት ቀን ይኖራል። ስለዚህ ነርሷ የመርፌውን አያያዝ ከማስተማሯ በፊት በቤቱ በቀን ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላ ትጠይቀው፤ መጠኑና ሰዓቱ በዚያ ልክ እንዲወሰንም ለሐኪሙ ትንገረው።